ጠርዙ ላይ ማን ይቁም? ስለ አውቶቡስ መስመርና ስለ መንገድ ዳር ፓርኪንግ

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ትታችሁ፣ ስለ መንገድ ለመስማት መምጣታችሁ ይገርመኛል። እኔ ብሆን ቤቴ እገባ ነበር።

አዘጋጆቹ ርዕሱን «አውቶቡስ ወይስ ፓርኪንግ?» ብለውታል። ሰው ይጠራል፣ ጥሩ ነው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የምንጣላው ስለ አንዲት ቁራሽ አስፋልት ነው። ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጀምራ ወደ መሃል ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የምትገባ። አውቶቡሱ ይፈልጋታል። ባለሱቁ ለደንበኛው ይፈልጋታል። ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድባት፣ አይሱዙው ዕቃ ሊያራግፍባት፣ ራይዱ ተሳፋሪ ሊጠብቅባት ይፈልጋል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጎርፉም ይፈልጋታል።

የኔን ሐሳብ አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ እንከራከር። ለአውቶቡስ መስመር ይለይለት ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን ቢጫ ቀለም ቀብቶ «ለአውቶቡስ ብቻ» ብሎ መጻፍ ከሥራው ትንሹ ነው። ትልቁ ሥራ ጠርዙ ላይ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ ይቆማል የሚለውን መወሰን ነው። እሱ ካልተወሰነ ቀለሙ በሁለተኛው ሳምንት የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ የቤት መኪና ጥግ ይዞ ለመቆም፣ ከመግቢያ መውጫው ጋር፣ 6 ሜትር ያህል ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ በኩሉ፣ መስቀለኛው፣ የግቢ በሩና ዜብራው ሲቀነስ፣ 120 መኪና ቢይዝ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይቆማል እንበል። በሰዓት 60 መኪና ተስተናገደ ማለት ነው። ቸር ሆነን ለአንዱ መኪና አንድ ተኩል ሰው ብንሰጠው 90 ሰው።

ያው መሬት ለአውቶቡስ ቢሰጥስ? በየሁለት ደቂቃው አንድ ቢያልፍ በሰዓት 30 አውቶቡስ። አንዱ 70 ሰው ቢጭን 2,100 ሰው። 70 ስል የሳቃችሁ አላችሁ፤ አይቻለሁ። እኔም አንበሳ ውስጥ 70 ሰው በኋላ በር ብቻ ሲገባ ያየሁ ሰው ነኝ።

ይህ የኔ የወረቀት ሒሳብ ነው። የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር የሚያወጣው መመሪያም አቅጣጫው ይኸው ነው። በብዛት የቤት መኪና የሚሄድበት አንድ ረድፍ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል ይላል። ለአውቶቡስ የተለየ ረድፍ ደግሞ ከ4,000 እስከ 8,000።

ሁለት ነገር ግን ቶሎ ይዘለላል። አንደኛው ስፋት ነው። የቆመ መኪና ሁለት ሜትር፣ ቢበዛ ሁለት ሜትር ተኩል ይበቃዋል። አውቶቡስ ግን ገላው ብቻ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ ሲሄድ 3 ወይም 3 ሜትር ተኩል ረድፍ ይፈልጋል። ስለዚህ «ፓርኪንጉን አንሱና አውቶቡሱን አስገቡ» ማለት ብቻ አይሠራም። የቀሩትን ረድፎች መስመር አጥፍቶ እንደገና ማስመር ይጠይቃል። ይህም የማይበቃቸው ጠባብ መንገዶች አሉ። እዚያ ሌላ መላ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው፣ የቆመ መኪና የሚበላው የቆመበትን ቦታ ብቻ አይደለም። ሲገባ ወደ ኋላ ይላል፣ ሲወጣ አፍንጫውን ያወጣል፣ በር ይከፍታል። አጠገቡ ያለው ረድፍ በዚያ ሁሉ ሰዓት ይቆማል። ፓርኪንግ ያለበት ባለ ሦስት ረድፍ መንገድ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ እውነቱን ለመናገር ባለ አንድ ተኩል ረድፍ ነው።

አሁን ወደ ጠርዙ እንጠጋ። 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ የሰው መውጫ። ፌርማታው ላይ አንድ ቪትዝ ቆሟል፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም ፍሬቻ ከበራ የትራፊክ ሕግ ለጊዜው ታግዷል ማለት ነው። ባለመኪናው ፋርማሲ ገብቷል፣ «አንድ ደቂቃ» ብሎ። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ጥግ መያዝ አይችልም፣ መሃል አስፋልት ላይ ቆሞ በር ይከፍታል። ልጅ ያዘለች ሴት ትወርዳለች። በእሷና በእግረኛው መንገድ መካከል ያለችው ክፍተት ውስጥ ሞተር ይሾልካል። እሷ ትደነግጣለች፣ ሞተረኛው ይሳደባል፣ ከኋላ ክላክስ ይቀጥላል።

አውቶቡሱ እዚህ ያጠፋው ጊዜ ምናልባት 40 ሴኮንድ ነው። ግን አረንጓዴ መብራት አምልጦታል። እሱ ሲዘገይ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሰው ይጠራቀማል፤ ሰው ሲጠራቀም መጫኑ ይረዝማል፤ ሲረዝም ከኋላ የተነሣው አውቶቡስ ይደርስበታል። ሃምሳ ደቂቃ ጠብቃችሁ ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ ሲመጣ፣ የኋላው ባዶ ሲሆን፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» ብላችሁ አታውቁም? ብዙውን ጊዜ ስምሪት ክፍሉ ምንም አላጠፋም። ያቺ ቪትዝ ናት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት መንገዶች የእግረኛውን መንገድ አስፍተዋል፤ አውቶቡስና ታክሲ ገባ ብለው የሚቆሙበት ኪስም ተሠርቷል። ለዓይን ያምራል። ከዋናው ረድፍ ገለል ስለሚልም መኪና ነጂው ይወደዋል። ለአውቶቡሱ ግን ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ከኪሱ ሲወጣ ማን ያሳልፈዋል? ፍሬቻ አብርቶ ይለምናል። ኪሱ ባዶ ሲሆን ደግሞ የቤት መኪና ይጋበዝበታል። ስለዚህ ብዙ ከተሞች አሁን በተቃራኒው እየሠሩ ነው። የእግረኛውን መንገድ ወደ አስፋልቱ ያወጡታል፤ አውቶቡሱ ከረድፉ ሳይወጣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭኖ ይሄዳል። አስፋልት የጠበበ ስለሚመስል ስትሰሙት ግር ይላል፤ አውቶቡሱ የሚቆጥበው ጊዜ ግን ሲሞከር ይታያል።

ወደ ባለሱቆቹ ልምጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ፓርኪንግ ካነሳችሁ ገበያዬ ሞተ» የሚለው ሥጋት በየትም አገር ያለ ነው። በርሊን ውስጥ ሄርማንሽትራሰና ኮትቡሰር ዳም በሚባሉ ሁለት የገበያ ጎዳናዎች ላይ ተመራማሪዎች ባለሱቆቹን «ከደንበኞቻችሁ ስንቱ በመኪና ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ሲደመር ከ100 ሰው 22 ገደማ ሆነ። ከዚያ ደንበኞቹን ራሳቸውን ጠየቁ። ከ100 ሰው 7 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባለሱቅ ለምን እንደሚሳሳት ይገባኛል። በእግሩ መጥቶ ገዝቶ የሄደው ሰው ስለ መንገድ ምንም አይናገርም። በመኪና የመጣው ግን ገና በሩን ሳያልፍ «ማቆሚያ አጣሁ!» ብሎ ነው የሚገባው። ጆሮ ላይ የሚቀረው እሱ ነው።

አዲስ አበባ በርሊን አይደለችም፣ ልክ ነው። እኛ ጋ በመኪና የሚንቀሳቀሰው ሰው ድርሻ ከእነሱ ያነሰ ነው። ከዚህ ከተማ ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው፣ ሲሶ ያህሉ በአውቶቡስና በታክሲ። የቀረችው ትንሿ ናት የግል መኪና። አንድ ባለሱቅ በሩ ላይ ሁለት መኪና ሲቆም ደስ ይለዋል፤ ከዚያው በር ፊት ለፊት በየሁለት ደቂቃው አርባ ሰው የሚያወርድ ፌርማታ ቢኖረው ምን ሊሸጥ እንደሚችል ግን አላሰበውም።

አሁን ወደ ከባዱ። እኛ ጋ የመንገድ ዳር ፓርኪንግ ማለት ማሽን አይደለም፣ ልጆች ናቸው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው፣ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ሰዓቷን በእስክሪብቶ የጻፉባትን ቁራጭ ወረቀት ዝናብ መጥረጊያው ሥር የሚሸጉጡት። «ወደ ኋላ፣ ና፣ ና፣ ትንሽ፣ በቃ!» የሚሉት። እንጀራቸው ከዚያች ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ስለ አውቶቡስ መስመር የሚዘጋጁ ጥናቶች ስለ እነሱ አንድ አንቀጽ ከጻፉ ብዙ ጻፉ።

አንዱን አናግሬዋለሁ። ጠዋት ነበር፣ ወረቀት እየሸጎጠ። «ፋዘር፣ መንገዱን ለአውቶቡስ ከሰጣችሁት እኛ የት እንግባ?» አለኝ። የማስፈራራት አነጋገር አይደለም፣ የምር ጥያቄ ነው። እኔም መልሼ ጠየቅኩት፣ የትኛው ሰዓት ነው የሚያዋጣህ? «ጠዋት የሚመጣው የቢሮ ሰው ነው» አለኝ። «መኪናውን ተክሎ ማታ ነው የሚያነሳው። ሒሳብ ላይ ደግሞ ይከራከራል፣ ‹የወር አድርግልኝ› ይላል። እኛን የሚያበላን ገባ ወጣ የሚለው ነው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ።»

ይህ ልጅ በጥቂት ዓረፍተ ነገር የነገረኝን ከብዙ ስብሰባ አላገኘሁትም። ዋናውን መንገድ ቀኑን ሙሉ የያዘው ሸማች አይደለም ማለት ነው። የቢሮ ሠራተኛ ነው። ለባለሱቁ አይጠቅም፣ ለፓርኪንግ ልጁ አያዋጣ፣ ለአውቶቡሱ እንቅፋት። በመጀመሪያ ከዋናው ጎዳና መነሣት ያለበት እሱ ነው። ገባ ወጣ የሚለው ደንበኛ ደግሞ በጎን መንገዶችና በግቢ ማቆሚያዎች ይስተናገድ። ልጆቹም እዚያ ይመደቡ፤ እዚያ የሚሠሩበት ፈቃድ በእጃቸው ሳይገባ ግን ከዋናው መንገድ አይነሱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልጆቹ ማታ ማታ ያንኑ ቦታ መልሰው ይሠሩበታል፣ ያለ ደረሰኝ። አይፈረድባቸውም።

የጎን መንገድ ስል አንዳንዱ የጎን መንገድ ራሱ ሌላ ጭንቀት እንዳለው አውቃለሁ። እዚህ ላይ ዋጋ ይመጣል። የካሊፎርኒያው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ስለ ፓርኪንግ ዋጋ ሲያጠኑ ኖረው በ2025 እ.አ.አ. ነው ያረፉት። ምክራቸው ቀላል ነበር። የመንገድ ዳር ማቆሚያ ዋጋ መቆረጥ ያለበት ከ100 ቦታ 85ቱ ተይዞ 15ቱ ክፍት በሚሆንበት ልክ ነው። ሰው ሲበዛ ይጨምር፣ ሲቀንስ ይቀንስ። ሳን ፍራንሲስኮ ከ2011 እ.አ.አ. ጀምሮ ሞክራዋለች። እኛ ጋም ዋጋው እንደ ሰፈሩ ቢለይ ነው የሚሻለው፤ ጭር ያለ ሰፈርና ቦሌ መድኃኔዓለም አንድ አይደሉም። ከመስቀል አደባባይ ሥር 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ በ2013 ዓ.ም. ተሠርቷል። ከላይ አስፋልቱ ላይ ማቆም ከሥር ከማቆም ከረከሰ ግን ማን ይወርዳል? ሰው ሞኝ አይደለም። አስፋልቱ ይወደድ፣ ሥሩ ይርከስ።

በነገራችን ላይ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር መግባት ስለተከለከለ «ችግሩ ይቀላል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ጭሱ ይቀላል። የኤሌክትሪክ መኪናም ስትቆም ያንኑ ቦታ ነው የምትይዘው።

ስለ ጭነት አጭር ነገር። መርካቶ አካባቢ፣ ወይም ማንኛውም ሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለበት ጎዳና፣ ጫኝና አውራጅ የሚሠራበት ቦታ ካልተሰጠው አውቶቡስ መስመሩ ላይ ያራግፋል። ክልከላ አያቆመውም፤ ብሎኬት በአየር አይመጣም። ለንደን ከ1991 እ.አ.አ. ጀምሮ ዋና ዋና መንገዶቿ ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር አስምራለች። ትርጉሙ መቆም ክልክል ነው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ግን እዚያው ላይ ሳጥን የተሣለባቸው ቦታዎች አሉ፤ በዚህ ሰዓት ዕቃ ማራገፍ ይቻላል፣ ለዚህን ያህል ደቂቃ፣ ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ጥብቅነቱ የቆየው ሳጥኖቹ ስላሉ ነው ባይ ነኝ።

ያልተሳካውንም ልንገራችሁ፣ ከእሱ ነው የሚማረው። ናይሮቢ በ2018 እ.አ.አ. የቲካን መንገድ አንድ ረድፍ በቀይ መስመር ቀለመችው። ለፈጣን አውቶቡስ ነው ተባለ። አውቶቡሶቹ ግን አልነበሩም። ሰው ለጥቂት ጊዜ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ ማታቱ የሚሉት ሚኒባሳቸውም መኪናውም እንደ ድሮው ሄደበት። ዴልሂ ደግሞ በ2008 እ.አ.አ. ከአምበድካር ናጋር እስከ ሙልቻንድ 6 ኪሎ ሜትር የማይሞላ የአውቶቡስ መስመር ሠርታ በ2016 እ.አ.አ. አፈረሰችው። በዚያ መንገድ ከሚያልፈው ሰው አብዛኛው አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ጋዜጣና ቴሌቪዥን ላይ የሚጮኸው ግን ባለመኪናው ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ፍርድ ቤቱ መስመሩ ይቀጥል ብሎ ነበር፤ ፖለቲካው ግን አላስቀጠለውም። እኔ እንደማየው አጭር መሆኑም ጎድቶታል። ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ የቆጠብከውን ጊዜ ቀሪው መንገድ ላይ ትከፍለዋለህ፤ ተሳፋሪው «ይህ መስመር የኔ ነው» ብሎ እስኪከራከርለት የሚያደርስ ጥቅም አላየም።

ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን የራሳችን ቀላል ባቡር አለ። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ብቻውን ተሰጥቶት ነበር። ፓርኪንግ አያግደው፣ ሚኒባስ አይገባበት። ግን 41 ሆነው ከመጡት ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። መንገድ ለብቻ መስጠት ብቻውን አይበቃም። በመስመሩ ላይ የሚሄድ ነገር ቶሎ ቶሎ መምጣት አለበት።

የሚያበረታታም አለ። ኒው ዮርክ በጥቅምት 2019 እ.አ.አ. 14ኛ ጎዳናን ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና ሰጠችው። የቤት መኪና ሰው አውርዶ፣ ቀጥሎ ባለው መገናኛ መታጠፍ ነው ያለበት። ነዋሪዎች ከሰው ነበር፤ «መኪናው ሁሉ ወደ እኛ መንደር ይፈስሳል» ብለው። ሥራው በክሱ ምክንያት ለወራት ዘገየ። ሲጀመር አውቶቡሶቹ ከፕሮግራማቸው ቀድመው እየደረሱ ሹፌሮቹ ሆን ብለው መዘግየት ነበረባቸው። ጎረቤት መንገዶቹ ላይም የተፈራው መጨናነቅ አልመጣም።

እኛ ምን እናድርግ? እኔ ብጠየቅ ቀኑን ሙሉ በሚሠራ መስመር አልጀምርም። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ወደ መሃል ከተማ በሚያስገባው በኩል፣ ከ10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በሚያስወጣው በኩል። በቀረው ሰዓት ጭነትና አጭር ፓርኪንግ ይግባበት። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ እንደሚመጣው ዓይነት ረዥም መንገድ ይመረጥ፣ ተሳፋሪው ልዩነቱን በሰዓቱ እንዲያየው።

ማስከበሩን በተመለከተ፣ ታርጋ መፍታት የለመድነው ነው። ታርጋው ሲፈታ ግን መኪናው እዚያው ነው፣ አውቶቡሱን እንደዘጋ። ባለቤቱ ቅጣት ከፍሎ ታርጋ ይዞ እስኪመለስ ድረስ ደግሞ አይነሣም! በዚህ መስመር ላይ የሚያዋጣው ማንሻ መኪናና አውቶቡሱ ግንባር ላይ የሚገጠም ካሜራ ነው። ካሜራ «አለቃ፣ አንዴ ብቻ» አይባልም።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት፣ አስቀድሞ በወረቀት የደረሰኝን አንዱን ልመልስ። «ሚኒባስ በመስመሩ ይግባ ወይስ አይግባ?» ይላል። ጥያቄው የሹፌር ይመስለኛል፣ የእጅ ጽሑፉ የቸኮለ ሰው ነው።

መልሴ፣ ለጊዜው ይግባ። አውቶቡስ በየሁለት ደቂቃው የሚመጣበት ቀን ሲደርስ እንነጋገራለን። አሁን በየሃያ ደቂቃው አንድ ለሚያልፍበት መስመር ብለን ሰማያዊና ነጩን ብናስወጣ፣ ሰው ዓይኑ እያየ ባዶ መንገድ አጠገብ ይቆማል፣ በሁለተኛው ወር ራሱ ያስፈርሰዋል። አሥራ ሁለት ሰው የጫነ ሚኒባስ አንድ ሰው ከጫነ መኪና ይልቅ በዚያ መስመር የመሄድ መብት አለው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው። መጫንና ማውረድ ፌርማታ ላይ ብቻ። ወያላው «ወራጅ አለ!» ባለበት ሁሉ የሚቆም ከሆነ ከፋርማሲው ቪትዝ በምን ተለየ? ታፔላ ሳይሰቅል የሚሄድ፣ መንገድ ቆርጦ የሚጭን አይገባም። ፌርማታው ላይ ደግሞ ለሚኒባስና ለአውቶቡስ ቦታው ይለይ፣ አውቶቡሱ ከፊት፣ ሚኒባሱ ከኋላ። ሚኒባሱ ከፊት ከሆነ እስኪሞላ ይቆማልና።

እሺ፣ እጅ ያወጣችሁ አላችሁ። እርስዎ እናቴ፣ ከኋላ በኩል፣ ማይኩ ይድረስዎት።